ቤቱ በአንድ በጋ፣ መምህሩ በዐሥራ ስምንት ዓመት፤ የቤተ እስራኤል የአንደኛ ደረጃ መምህራን አዘገጃጀት ታሪክ

በገጠር ለአንድ ትምህርት ቤት የሚበቃ ቤት መሥራት ብዙ ጊዜ አይወስድም። ድንጋዩና እንጨቱ በቅርብ ከተገኘ፣ መንደርተኛውም በደቦ ከወጣ፣ በጥቅምት የተጣለው መሠረት ክረምቱ ሳይገባ ክዳን ይለብሳል። በዚያ ቤት ውስጥ ቆሞ ጠመኔ የሚይዘው ሰው ግን በአንድ በጋ አይደርስም። ሆኖም የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የተከፈቱት ቤቶች ብዛት ነው። መምህሩ ከወዴት እንደ መጣ፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ ዝግጅቱ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ፣ ከተዘጋጀም በኋላ በቦታው መቆየት አለመቆየቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው። በጎንደር ዙሪያ፣ በደንቢያ፣ በስሜንና ከዚያም ወዲያ በትግራይ በኩል ይኖሩ የነበሩት እነዚህ የኦሪት አማኞች፣ ሌላው ሰው ፈላሻ እያለ ቢጠራቸውም፣ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ከ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ለልጆቻቸው መምህር ለማግኘት ልዩ ልዩ መንገዶች ተሞክረዋል። እያንዳንዱ መንገድ የየራሱ ፍሬ ነበረው፤ የየራሱንም ዋጋ አስከፍሏል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞው መንገድ

በመሠረቱ ቤተ እስራኤል መምህር አልነበራቸውም ማለት ስሕተት ነው። ኦሪቱን በግእዝ የሚያነቡ፣ ጸሎቱን በቃል የሚያደርሱ፣ የበዓላቱን ቀን ቈጥረው የሚያውጁ ቄሶች ነበሯቸው። እነዚህን ቄሶች የሚያዘጋጁት ደግሞ መነኮሳቱ ነበሩ፤ በደንቢያ የሚገኘው ሆህዋራ ለዚህ ሥራ የታወቀ ማእከል ነበር። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ጋር እየኖረና እያገለገለ ንባቡንና ጸሎቱን ለዓመታት ይማር ነበር። ዝግጅቱ ረጅም ቢሆንም የሚካሄደው በዚያው አገር፣ በዚያው ቋንቋና በዚያው ሥርዓት ስለ ነበረ፣ የተማረው ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ እንግዳ አይሆንም ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ከ1888 እስከ 1892 በቆየው ክፉ ቀን ክፉኛ ተሰበረ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ ረኀቡ መንደሮችን ባዶ አደረገ። አዋቂው ሲሞት በቃል የያዘው ሁሉ አብሮት ይቀበር ነበርና፣ የመነኮሳቱም የማስተማር ሥራ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልቆመም።

ከዚያም አስቀድሞ ሌላ ዓይነት መምህር ወደ አካባቢው ገብቶ ነበር። በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው የለንደን ሚስዮናዊ መጣ፤ ከርሱ ጋር የተያያዘውን ሥራ ዮሐን ማርቲን ፍላድ ለብዙ ዓመታት መራው። ሚስዮኑ በደንቢያ ጀንዳ ላይ ጣቢያውን አቋቁሞ ንባብን በአማርኛ ያስተምር ነበር። ዓላማው ማጥመቅ ቢሆንም፣ በአሠራሩ በኩል አንድ ነገር ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ ይኸውም ከባዕድ መምህር ይልቅ የአገር ልጅ የሆነ መምህር እንደሚበልጥ ነው። ሚካኤል አረጋዊ የተባለው የሚስዮኑ አገልጋይ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ተምሮ ተመልሶ ሥራውን ለረጅም ዘመን መርቷል። መጽሐፍ ማንበብ የፈለገ የቤተ እስራኤል ልጅ ወደ ሚስዮኑ ከመሄድ በቀር ሌላ በር አልነበረውም ማለት ይቻላል። የአይሁድ ማኅበራት በኋላ የተነሡበት ጭንቀትም ከዚህ የመጣ ነው።

የሩቁ መንገድ

በ1867 እና በ1868 ዮሴፍ ሀሌቪ የተባለው ሊቅ፣ መቀመጫውን በፓሪስ ባደረገው በዓለም አቀፉ የእስራኤላውያን ኅብረት ተልኮ ቤተ እስራኤልን ጎበኘ። ሲመለስም ትምህርት ቤት እንዲከፈትላቸው አሳሰበ። ይህ ማኅበር በ1860 የተመሠረተ ሲሆን፣ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ለሚከፍታቸው ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚያዘጋጅበትን የፓሪሱን የመምህራን ትምህርት ቤት የከፈተውም ልክ በ1867 ነበር። አሠራሩ ጎበዝ ጎበዙን ልጅ ከየከተማው መርጦ ወደ ፓሪስ ማምጣት፣ አስተምሮም መምህር አድርጎ መላክ ነበር። ስለዚህ የሀሌቪ ሐሳብ የሚፈጸምበት መሣሪያ በእጅ ነበረ። ነገር ግን ለኢትዮጵያ የተደረገ ነገር ሳይኖር 36 ዓመት አለፈ።

ሥራውን የጀመረው የሀሌቪ ተማሪ ነበር። በፖላንድ በሎጅ ከተማ በ1881 የተወለደው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1905ም ሁለት ወጣቶችን ይዞ ወደ ኤውሮፓ ተመለሰ። ከነዚህ አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበር። ታምራት በ1888፣ ልክ ክፉ ቀን ሲጀምር፣ በጀንዳ ተወለደ፤ ፋይትሎቪች ሲያገኘው በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ሚስዮኑ የጀመረውን ልጅ የአይሁድ ትምህርት ቤት ሊፈጽመው ማለት ነው። ታምራት በመጀመሪያ በፓሪሱ የመምህራን ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ በፊሬንዜ በሚገኘው የረቢዎች ትምህርት ቤት በረቢ ሳሙኤል ማርጉሊስ ሥር ተማረ።

በዚህ መካከል የፓሪሱ ማኅበር ነገሩን እንደ ገና ሊመረምር ፈለገና በ1908 ረቢ ሐይም ናሁምን ላከ። ናሁም በኋላ የኦቶማን መንግሥት ዋና ረቢ የሆነ ሰው ነው። የቤተ እስራኤልን ቍጥር ከ6,000 እስከ 7,000 ብቻ ገመተ፤ በዚያ የትምህርት ቤት ሥራ መጀመርንም አልደገፈም። የፋይትሎቪች ግምት ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። ሁለቱ የማይስማሙት በቍጥር ብቻ አልነበረም። ማኅበሩ የሚጠይቀው ገንዘቡ ለስንት ሰው እንደሚውል ሲሆን፣ ፋይትሎቪች የሚጠይቀው ደግሞ ጥቂትም ቢሆኑ ሳይማሩ ከቀሩ ነገ እነማን እንደሚቀሩ ነበር። ማኅበሩ እጁን ስለ ሰበሰበ ፋይትሎቪች በኢጣልያ፣ በጀርመን፣ በኋላም በአሜሪካ የረዳት ኮሚቴዎችን እያቋቋመ ሥራውን ቀጠለ።

ታምራት አማኑኤል በ1920 ገደማ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1923 በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዲሬክተሩ እርሱ ሆነ። እንግዲህ ከ1905 እስከ 1923 ሲቈጠር ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው። አንድ ትምህርት ቤት አንድ የራሱን መምህር ይዞ እስኪከፈት ድረስ ዐሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ ማለት ነው። መዘግየቱ የአንድ ሰው ስንፍና አይደለም፤ የመንገዱ ርዝመት፣ የገንዘቡ ማነስና በመካከል የገባው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተደራርበው ያመጡት ነው።

የትምህርት ቤቱ ቦታ መመረጡም ሁለት ፊት ነበረው። በዋናው ከተማ መሆኑ የመንግሥትን ጥበቃ ለማግኘትና የውጭውን እርዳታ ለመቀበል አመቺ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ያሉት ጎንደር ነው፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በእግርና በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅ ጒዞ ነበር። ልጁን ለዚህ ጒዞ አሳልፎ የሚሰጥ ወላጅ የእረኛ ወይም የወናፍ ነፊ ጉልበት ብቻ አልነበረም የሚያጣው። በቤተ እስራኤል ዘንድ የንጽሕና ሥርዓቱ የጠበቀ ነበር፤ ከሌላው ሕዝብ ጋር የዋለ ሰው ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም፣ ከወገኑም ጋር አይቀላቀልም። ከዚህም የተነሣ ጎረቤቱ «አትንኩኝ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ባሕር ተሻግሮ ለዓመታት ከባዕዳን ጋር በልቶ የኖረ ወጣት በሽማግሌዎቹ ዓይን እንዴት ይታይ እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ሊያስተምር የተመለሰው ሰው በመጀመሪያ ራሱ ተቀባይነት ማግኘት ነበረበት።

ከ1905 እስከ 1935 ድረስ 25 ያህል ወጣቶች ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ ልዩ ልዩ የኤውሮፓ አገሮች ተልከዋል። ከነርሱ መካከል በለጋነታቸው በበሽታ የሞቱ ነበሩ። ተምረው ከተመለሱት ደግሞ ብዙዎቹ ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ፤ ለምሳሌ ታደሰ ያዕቆብ በገንዘብ ሚኒስቴር ለከፍተኛ ሹመት በቅቷል። በዚያ ዘመን ቋንቋ የሚያውቅና የተማረ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነበርና መንግሥት ቢፈልጋቸው አያስደንቅም፤ እነርሱም አገራቸውን ማገልገላቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ይሁን እንጂ ለመንደር መምህርነት የታሰበው ዝግጅት ለመንደሩ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ስላለ፣ የተዘጋጀውን ሰው መንደሩ ሊይዘው አልቻለም።

የተጀመረውም ቢሆን ብዙ ሳይራመድ ተቋረጠ። በ1936 የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ጠላት የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለየ በሚያሳድድበት፣ በተለይም በየካቲት 1937 የደረሰው እልቂት በሚታወስበት በዚያ ጊዜ፣ ታምራት አማኑኤል አገር ጥሎ ተሰደደ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ በትምህርትና በዲፕሎማሲ ሥራ መንግሥትን አገለገለ፤ በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፈ። የከፈተው ትምህርት ቤት ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።

አሥመራና ክፋር ባትያ

ሁለተኛው ሙከራ የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። በዚህ ጊዜ ሁኔታው ተለውጦ ነበር። የእስራኤል መንግሥት በ1948 ተመሥርቷል፤ ኤርትራም በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳለች። በአሥመራ ከዔደን የመጡ ነጋዴዎች የሚበዙበት አነስተኛ የአይሁድ ማኅበር ነበር፤ በ1906 የተሠራ ምኲራብም ነበረው። የአይሁድ ኤጀንሲ የኦሪት ትምህርት ክፍል ረቢ ሳሙኤል በኤሪን ልኮ በ1955 መጀመሪያ ላይ በዚችው ከተማ ለቤተ እስራኤል መምህራን ማዘጋጃ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ።

የአሥመራው አሠራር ከፊተኛው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ዝግጅቱ አጭር ነበር፤ በዐሥራ ስምንት ዓመት ፋንታ አንድ ዓመት ያህል ተምሮ የወጣው ወጣት ወደ መንደሩ ሄዶ ፊደል ማስቈጠር ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ቄሶችም ነበሩ። ይህ ጉዳይ ቀላል መስሎ ቢታይም ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ወጣቱ መምህርና ቄሱ በአንድ ወንበር ከተማሩ፣ መንደር ሲገቡ አንዱ ሌላውን እንደ ባላንጣ የሚያይበት ምክንያት ይቀንሳልና ነው።

ከዚሁ ጋር ጎን ለጎን የሩቁ መንገድ እንደ ገና ተከፈተ። በ1955 ዐሥራ ሁለት፣ በ1956 ደግሞ ዐሥራ አምስት፣ በጠቅላላው 27 ልጆች በእስራኤል አገር በራናና አጠገብ ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ወደ ተባለው የወጣቶች መንደር ተላኩ። በዚያም ዕብራይስጥና የሃይማኖት ትምህርት ከሌላው ዕውቀት ጋር እንዲማሩ፣ ከዚያም ተመልሰው መምህራን እንዲሆኑ ታሰበ። የተመለሱትም በየመንደሩ ተመድበው ማስተማር ጀመሩ።

የውጭው ድጋፍ ግን አልጸናም። የአሥመራው ትምህርት ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋና ሥራው ወደ ጎንደር አካባቢ ተዛወረ፤ በ1958 ገደማ ባጀቱ ሲቀነስ ከተከፈቱት የመንደር ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ተዘጉ። በዚህ ሁሉ መካከል ጸንቶ የቆየውና ዋና ለመሆን የበቃው የአምቦበር ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑን በመከታተል፣ ደመወዛቸውን በመለመን፣ ከመንግሥትና ከውጭ ማኅበራት ጋር በመጻጻፍ ሸክሙን የተሸከመው ዮና ቦጋለ ነበር። ዮና በጎንደር አጠገብ በወለቃ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ በፋይትሎቪች አማካይነት ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ፣ ከዚያም በጀርመን፣ በስዊስና በፈረንሣይ የተማረ ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተምሯል። እንግዲህ የሩቁ መንገድ በሠላሳ ዓመት ካፈራቸው ሰዎች መካከል እስከ መጨረሻው በመንደር ትምህርት ቤት ሥራ ላይ ከቆዩት ዋናው እርሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመስከረም ዝግጅት

መምህሩ ለአዲሱ የትምህርት ዓመት ሲዘጋጅ ምን ምን ማሰናዳት ነበረበት? ይህን መመልከት የሥራውን ክብደት ያሳያል።

በመጀመሪያ የቋንቋው ጉዳይ አለ። በዚያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በመንግሥት ደንብ ይሰጥ የነበረው በአማርኛ ነበር። ጸሎቱና ኦሪቱ በግእዝ ናቸው። ከውጭ የመጣው አዲስ ትምህርት ደግሞ በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ የመንደሩ መምህር ሦስት ቋንቋዎችን፣ በሁለት ዓይነት ፊደል፣ አንዱን ከግራ ወደ ቀኝ ሌላውን ከቀኝ ወደ ግራ እያስነበበ፣ ለአንድ ልጅ በአንድ ዓመት ማስተማር ነበረበት። ዮና ቦጋለ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ይህን ችግር በማየት ነው።

ሁለተኛው የቀን አቈጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ነው። በዚሁ ሰሞን የቤተ እስራኤል ዐበይት በዓላት ይከታተላሉ፤ በሰባተኛው ወር መባቻ የመለከቱ በዓል ብርሃን ሰረቀ፣ በዐሥረኛው ቀን አስተስርዮ፣ ከዚያም በዓለ መጸለት ይውላሉ። በስምንተኛው ወር መጨረሻ ሕዝቡ ወደ ተራራ ወጥቶ የሚጸልይበት ስግድ ይከበራል። ወሩ በጨረቃ ስለሚቈጠር በዓላቱ በየዓመቱ ይፈናቀላሉ። የቄሱ አቈጣጠር ከዕብራይስጡ አቈጣጠር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። መምህሩ የትኛው ቀን የትምህርት፣ የትኛው ቀን የበዓል እንደ ሆነ ሳያውቅ የዓመቱን ፕሮግራም ማውጣት አይችልም። ዮና በአማርኛ የበዓላት መቍጠሪያ እያዘጋጀ ማሰራጨቱ ከሩቅ ለሚያየው ጥቃቅን ሥራ ቢመስልም፣ ለመምህሩ ከጥቁር ሰሌዳ ያላነሰ መሣሪያ ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ከሽማግሌዎች ጋር መስማማት ነው። በቤተ እስራኤል ልማድ ሰንበት ሳይገባ እሳት ሁሉ ይጠፋል። አዲሱ መምህር ደግሞ በባዕድ አገር የተማረውን ይዞ፣ የሰንበት ዋዜማ ሻማ ይበራል ብሎ ያስተምራል። ሐኑካን የመሰለ አባቶች የማያውቁት በዓል ያመጣል። ቄሱ፣ አባቶቼ በስደትና በመከራ የጠበቁትን ሕግ ትናንት ጢሙ የበቀለ ልጅ ሊያርመው መጣ ብሎ ቢቈጣ ምን ይደንቃል? መምህሩም በበኩሉ ሕዝቡ ከሌላው የዓለም አይሁድ ጋር አንድ የሚሆንበትን መንገድ እያሳየ እንደ ሆነ ያምናል። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነበር፤ የልጁን ነገ። አንዱ ልጁ ከአባቶቹ እንዳይለይ፣ ሌላው ከወንድሞቹ ተለይቶ እንዳይቀር ይፈራ ነበር። ይህ ክርክር በማዘጋጃው ትምህርት ቤት ውስጥ ቢፈጸም ኖሮ በመንደሩ ባልተነሣ ነበር። ቄሶችን ከወጣቶች ጋር ያስቀመጠው የአሥመራው ሙከራ በዚህ ረገድ ትክክለኛውን አቅጣጫ ይዞ ነበር፤ ዕድሜው ማጠሩ ያሳዝናል።

በዚህ ላይ የኑሮው ችግር ይጨመራል። አብዛኛው ቤተ እስራኤል በሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ፣ ወይም አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ነበር። በእጅ ሥራው ምክንያት ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። መምህሩ ልጁን ከእርሻና ከእረኝነት አስለቅቆ በመስከረም ቢያስገባው እንኳ፣ አዝመራው በደረሰ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ መስከረም ሲመጣ ከቤት ቤት እየዞረ አባትን ማግባባት ከመምህሩ የሥራ ዝግጅት አንዱ ክፍል ነበር።

የቀረው

የ1966ቱ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት አብዮት፣ ማለትም በአውሮፓውያን 1974 የተነሣው ለውጥ፣ ጭሰኝነትን አስቀርቶ መሬትን ለአራሹ አደረገ። ኦርት የተባለው ዓለም አቀፍ የአይሁድ የሙያ ትምህርት ድርጅት ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጎንደር ገጠር የልማት ሥራ ጀምሮ፣ ሃይማኖት ሳይለይ ነዋሪውን ሁሉ የሚያገለግሉ መንገዶችን፣ የጤና ጣቢያዎችንና ትምህርት ቤቶችን ሠርቷል። ይህም ሥራ በ1981 ተቋረጠ። ዮና ቦጋለ አስቀድሞ በ1979 ወደ እስራኤል ሄዶ ነበር፤ በ1987 በዚያው ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የትምህርት ቤት ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የጒዞ ታሪክ ሆነ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል 8,000 ያህል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተሻገሩ።

በዚያ አዲስ አገር ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲደርስ፣ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም የሚያውቅ፣ የባለሥልጣኑን ጥያቄ ለሽማግሌው፣ የሽማግሌውን ኀዘን ለባለሥልጣኑ የሚያስረዳ ሰው አስፈለገ። በርካታዎቹ የክፋር ባትያ ተማሪዎችና የመንደር መምህራን ለዚህ ሥራ ተገኙ። ለአምስትና ለስድስት መንደር የተዘጋጁት መምህራን በመጨረሻው የአንድ ሕዝብ አስተርጓሚዎች ሆኑ። ያዘጋጇቸው ሰዎች ይህን አላሰቡም፤ ባያዘጋጇቸው ኖሮ ግን በዚያ ቀን የሚተካቸው አይገኝም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መምህርን እጅግ በሩቅ አገር ማዘጋጀት ታላላቅ ሰዎችን ያፈራል፤ ነገር ግን ጥቂቶችን ብቻ ያፈራል፤ እነርሱንም ብዙ ጊዜ ለሌላ ሥራ ያፈራል። በቅርብና በአጭር ጊዜ ማዘጋጀት ብዙዎችን ያፈራል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚደግፋቸው ካልተገኘ ከባጀቱ ጋር አብረው ይጠፋሉ። ሁለቱን አገናኝቶ ሥራውን ያቆመው፣ በሩቅ ተምሮ በቅርብ የቆየ አንድ ሰው ነበር። የተሠሩት ቤቶች አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፤ አንዳንዶቹ ፈርሰዋል፤ ሌላ ቤት በሌላ በጋ ይሠራል። መምህር የሌለበት መስከረም ግን ለዚያ ዓመት ልጅ ተመልሶ አይመጣም።